እናቴን ሳላወጣ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለልኬት ነበር። እስካሁን የተጻፈበት የሁለት ልጆች ወገብና የአንዲት ወፍራም መምህርት ደረት ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ብሶቴን እጽፍበታለሁ። ለሰው እንዳላወራ ሰዉ ሁሉ የራሱ ብሶት አለበት፣ ለኔ ተራ አይደርሰኝም።

የማዛወሪያ ቡድኑ ዛሬ ገባ። አካፋ፣ ዶማ፣ የእንጨት ሳጥኖች፣ አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም። ሰፈራችን ድሮ መቃብር ነበር። ድሮ ስል፣ አሁንም ነው። ቤት ያጣ ሰው በመቃብሮቹ መሃል ጎጆ ቀለሰ፣ ጎጆው ቤት ሆነ፣ ቤቱ ሰፈር ሆነ፣ እኛም እዚሁ ተወለድን። እንግዳ ሰው ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። ለኛ ሙታኑ ጎረቤት ናቸው። አድራሻችንም እነሱ ናቸው። «ከዳኛው ወደ ግራ ታጠፊና መንትዮቹን እንዳለፍሽ አረንጓዴው በር።» እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው። ልብስ የምናሰጣውም ከድንጋይ ድንጋይ በታሰረ ገመድ ነው።

የፊተኛው ግማሽ አምና ፈርሶ ሦስት ሕንፃ ቆሞበታል። አራተኛው እየተገነባ ነው፤ ባሌም እዚያ ግንበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። አሁን ተራው የኋለኛው ግማሽ፣ የኛ ነው። እኛ ሕያዋኑ በሕንፃው ውስጥ ቤት ይሰጠናል። ሙታኑ ከከተማ ውጪ ወዳለው አዲሱ መቃብር ይሄዳሉ። ባለቤት የቀረበለት በሳጥን ከነስሙ ይሄዳል፤ ባለቤት ያጣው ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ። ከዚያ ኤክስካቫተሩ ይገባል። ከዚያ ኮንክሪት።

እናቴ እዚህ ናት፤ ከስፌት ክፍሌ መስኮት ውጪ። እሷን ሳላወጣ ኮንክሪት አይፈስባትም። በሕይወቴ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፣ ይቺን አንዷን እንኳ ደህና አድርጌ ልሥራ።

ረቡዕ 6፣ እየሮጥኩ

ዩኒፎርም። ሰማያዊ ጨርቅ ቤቱን ሞልቶታል። ኮሌታ፣ ኪስ፣ ቁልፍ፣ ኮሌታ። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በጠዋቱ መጥታ «እትዬ፣ ዘንድሮ እንዳታሳፍሪን» አለችኝ። አምና አሳፍሬያት አውቃለሁ? ሁለት ቀሚስ ነው የዘገየው!

ተቋራጩ መብራት ቆረጠ። ደግነቱ ማሽኔ በእግር የሚሠራ ነው። ካውያው ግን ቀረ፣ የከሰል ካውያ ልዋስ።

እማማ ሻይ ይዘውልኝ ገቡ። እማማ የባሌ እናት ናቸው፣ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። እኝህ ሴትዮ ጭቃ በረገጠ ጫማ አልጋዬ አጠገብ ድረስ ይመጣሉ፤ የስፌት ክፍሌ በር ላይ ሲደርሱ ግን ያወልቃሉ። «ጨርቅሽ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው» ይላሉ። ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ነው እኮ! እርጅና ነው መቼስ።

እሑድ 10

ሁሉም ወጥተዋል፣ ትንሽ ልጻፍ።

ይህን ክፍል ልሰናበተው ነው። ከቤቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ክረምቱን ሙሉ እሷ ዘንድ ቆየሁ። ስመለስ ባሌ በቤቱ ጀርባ አዲስ ክፍል ሠርቶ ጠበቀኝ። መስኮት ያለው፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ማሽኔ መሃል ላይ ቁጭ ብላ! በሰው ፊት የማላለቅሰው ሴትዮ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ተንሰቀሰቅኩ። ከዚያ በፊት የምሰፋው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መስኮቱን ስከፍት የእናቴ ድንጋይ እዚያው አጠገቤ ነው። ትንሽ ወደ መንገዱ የወጣ መሰለኝና «ድንጋዩ ራቅ አላለም?» ብዬው ነበር። «ቤቱ ስለሰፋ ነው እንዲያ የሚመስልሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግንበኛ ነው፣ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ለእናቴ የማልነግራት ነገር የለም። በመስኮቱ ብቅ ብዬ ሁሉን አወራታለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ አያቴ መልስ ከሰጡሽ ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ» ትላለች።

ዛሬ ባሌን «ሲቆፍሩ አጠገቤ ትቆማለህ አይደል?» አልኩት።

«ሥራ አለብኝ።»

«ሥራህ እኮ ከዚህ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው። ፎርማንህን አስፈቅደህ ና።»

«ደግሞስ መቆፈሩ ምን ያደርጋል? አፈሩን በመሀረብ ቋጥረሽ ብትወስጂ አይበቃም? አጥንት ማየት ምን ይጠቅምሻል?»

ተናደድኩ። አፈር! ሙሉ ሰው ናት እኮ! ሰሞኑን ግራ የገባው ሰው ሆኗል። ሲበላ ዝም፣ ሲተኛ ዝም። ትናንት ደግሞ ከእማማ ጋር ጓሮ ቆመው ሲያንሾካሹኩ ደረስኩባቸው። «ንገራት እንጂ!» ይሉታል፤ «ተዪኝ እማዬ አልኩሽ» ይላል። እኔን ሲያዩ ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመሩ። ገብቶኛል። አዲሱ ቤት የደረሰን መጨረሻ ፎቅ ላይ መሆን አለበት፣ ጉልበቴን ስለሚያውቁ ፈርተው ነው የደበቁኝ። ይደብቁ። ደረጃ አይገድለኝም።

ማክሰኞ 12

አንድ ሕፃን ዩኒፎርሙን ሊለካ መጥቶ አለቀሰ። ሱሪው ጠብቦት አይደለም፣ ትምህርት ቤት ጠልቶ ነው። እኔም አብሬው ላለቅስ ነበር።

ዓርብ 15

የማዛወሪያ ቡድኑ አለቃ በፀሐይ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ ሰው ነው፣ ሰፈሩ «ኮፍያው» ብሎታል። ድምፁ ድንጋይ ይሰነጥቃል። «እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር አንድም ሬሳ አቤቱታ አቅርቦብኝ አያውቅም፤ የምታስቸግሩኝ እናንተ ሕያዋኑ ናችሁ!» እያለ ይዞራል። መጥቶ የእናቴ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። ቀለሙ ስሟ ላይ እንዳይደርስ ለመንኩት፣ ተጠንቅቆ ቀባ። ሰኞ ተራችን ነው።

አዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቅለዋል። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ሣር፣ ብስክሌት የምትነዳ ልጅ፣ ውሻ። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን ቆሞ አየው አየውና «ውሻው እንኳ ከኔ የተሻለ ጫማ አድርጓል» አለ። ውሻው ጫማ የለውም። ሳቅን። ሰሞኑን ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ 18



በጠዋት መጡ። ድንጋዩን በብረት ፈንቅለው ገልብጠው አስተኙት። እኔ ነጭ አንሶላ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ ከምትሠራበት ፋርማሲ አስፈቅዳ መጥታ እጄን ይዛለች። እማማ «ወገቤ» ብለው ተኝተዋል። ባሌ ሥራ ላይ ነው።

ቆፈሩ። ኮፍያው ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ እናትሽ ረጅም ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አጭር ናት! ከትከሻዬ በታች ናት።»

ደግሞ ትንሽ ቆፈረ። ከዚያ አንድ ነገር አንስቶ አፈሩን አራገፈ። የቦት ጫማ ተረከዝ ነው፣ ምስማሮቹ እንደ ጥርስ ተደርድረውበታል።

«ወታደር ነበሩ?»

ልጄ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጭኑ አጥንት ከኔ ጭን ይረዝማል። እናቴ በልጅነቷ ከአጥር ላይ ወድቃ ግራ ክንዷ ተሰብሮ ነበር፣ ጠምሞ ነው የገጠመው፤ ስትሰፋ ክርኗ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ውጪ ይወጣ ነበር። የዚህ ሰው ሁለቱም ክንዶች ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ይቺ እናቴ አይደለችም» አልኩ።

«ድንጋዩ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የእናቴ።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው ድንጋዩን ነው እህቴ። ከስር ያለውን ሰው አላውቀውም።»

ሳጥኑ በምስማር ተመታ፣ የእናቴ ስም ተለጠፈበት፣ መኪና ላይ ወጣ። ጩኸቴ ከሞተሩ ጩኸት አልበለጠም። ቀና ስል ባሌ ከአራተኛው ሕንፃ ላይ ጡብ እንደያዘ ቆሞ ወደኛ ያያል። ና ለማለት እጄን አውለበለብኩለት። ዞር ብሎ ጡቡን አስቀመጠ። አላየኝም መሰለኝ።

ማክሰኞ 19

የማዛወሪያው ቢሮ ሄድኩ። ክራባት ያሰረ ልጅ ነው፣ ፂሙ ገና በቅጡ አልወጣም።

«እናቴ፣ የርስዎ ጉዳይ ተዘግቷል» አለኝ።

«እናቴ አልተገኘችም።»

«ተዛውረዋል ነው የሚለው።»

«የተዛወረው ወንድ ነው።»

«እናትዎ?»

«አይደለም! ሰውየው! ድንጋዩ ስር የነበረው!»

ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ምን ልርዳዎት?»

«ሌላ ሳጥን ስጠኝ። የት እንዳለች እፈልጋለሁ፣ ሳገኛት የማስቀምጥበት።»

«ሁለተኛ ሳጥን ለሁለተኛ ሟች ነው። የእናት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«እኔ መቼ ሁለት እናት አለችኝ አልኩህ?»

«እኔም እሱን ነው የምልዎት እናቴ።»

ወጣሁ። በሩን ልደበድበው አስቤ ነበር፣ የመስታወት ነው፣ እንዳይሰበር ፈራሁ። ለዚህ ለዚህ እንኳ ድፍረት የለኝም።

ሐሙስ 21

ሰፈሩ ታመሰ። «ድንጋዩን ማን አንቀሳቀሰው?» ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። አይ የሰው ጉድ!

ጫማ ሰፊው «እኔ የወሰድኩት የዳኛውን ብቻ ነው» አለ። «እሱም ጀርባዬን እንድደገፍበት። ከሦስት ቤት ወዲያ ነው የነበረው።» ዳኛው! ሰው ሁሉ ከዳኛው ወደ ግራ የሚታጠፈው ጫማ ሰፊው በር ላይ ነው ማለት ነው! ውሃ ሻጯ ደግሞ መንትዮቹ መንታ እንዳልሆኑ ነገረችኝ። አማቷ ሁለት ድንጋይ አጋጥመው አግዳሚ ወንበር ሠርተው ነው፤ ከሟቾቹ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዷ ሕፃን። እኛ ስናድግ «መንትዮቹ» እያልን እናለቅስላቸው ነበር። አንዱ ድንጋይ ደጃፍ ሆኗል፣ አንዱ ጎርፍ ማገጃ፣ አንዱ የልብስ ማጠቢያ። ሁሉም «እኔ አንዱን ብቻ ነው» ይላል። አሁን ሁሉም ሰው በራሱ ሟች ተጠራጥሯል፤ ኮፍያውን ከበው ይጮሁበታል። እሱ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያካል። መላጣ ነው ለካ።

የእናቴን ግን ማንም አልነካሁም ይላል። አምናቸዋለሁ። በሰው የሚቀኑ ናቸው እንጂ ውሸታም አይደሉም።

ኮሌታዎቹ ገና ናቸው። ኤክስካቫተሩ ዳኛው ጋ ደርሷል። እውነተኛው ዳኛ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ 23

ከማሽኔ ስር ነች።

እሑድ 24

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ይፈነዳል።

ትናንት እማማ የተከተፈ ድንች ሾርባ ይዘው መጡ፣ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ። ቁጣዬ ማንን እንደሚይዝ ሲፈልግ ነበር የከረመው፣ እሳቸውን ያዘ።

«እማማ፣ እባክዎ! ሳሎን በጭቃ ይገባሉ፣ አልጋዬ ድረስ በጭቃ ይመጣሉ፣ እዚህ ምን አለና ነው የሚያወልቁት?»

ሳህኑን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄን ጠይቂው» አሉና በባዶ እግራቸው ተመልሰው ሄዱ። ጫማቸው በሩ ላይ ቀረ።

እሱ ከሥራ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ጠበቅኩት። ጫማዎቹን አሳየሁት። ምንም አልጠየቅኩትም። እጁ ላይ ሲሚንቶ እንዳለ እዚያው ቁጭ አለ።

«ክፍሉ ሰፋ እንዲል ፈልጌ ነበር» አለ። «መሠረት ስጥል ድንጋዩ መሃል ገባ። እናትሽን መንካት ፈራሁ። ድንጋዩን ብቻ አወጣሁት፣ ከግድግዳው ውጪ ተከልኩት። ከስሩ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ስትመጪ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር።»

«እና?»

«እና መጣሽ። ክፍሉን አይተሽ አለቀስሽ። አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። በዚያች ቀን እንዴት ልንገርሽ? ነገ አልኩ። በነጋታው ስትሰፊ ትዘፍኚ ነበር። ነገ አልኩ። ከዚያ… ሰው ነገ ነገ ሲል ያረጃል።»

«ሰኞ ጡብ ይዘህ ስታየኝ ነበር።»

«ነበርኩ።»

አልመታሁትም። አልሰደብኩትም። ተነስቼ ልጄ አልጋ ላይ ተኛሁ። ልጄ ገፋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፣ «ምን ሆንሽ?» እንኳ አላለችኝም፣ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ሰምታለች።

ለመጥላት ሞከርኩ። የሚያናድደኝ፣ ክፍሉን የሠራው እውነት ለኔ ብሎ ነው። ለክፋት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ሳይጠይቀኝ ነው ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ። ያገባኝም ጊዜ መጀመሪያ ለወንድሜ ነግሮ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ከዚያ ነው ለኔ የነገረኝ።

ሰኞ 25

ማሽኗን ከልጄ ጋር ተሸክመን ግቢ አወጣን። እዚያ ክፍል ገብቼ ፔዳል መርገጥ አልቻልኩም። እማማ ይሻሉኛል፣ እሳቸው ቢያንስ ጫማቸውን አወለቁ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በተረከዜ ስደልቅባት!

ውጪ ስሰፋ መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። «ሰፊዋ፣ ቤት አፈረሱብሽ እንዴ?» ይለኛል አንዱ። «ንፋስ ልቀበል ነው» እላለሁ። አቧራው ሰማያዊውን ጨርቅ ግራጫ አደረገው።

ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በመስኮት ብቅ ብዬ ገመናዬን ስዘከዝክ የኖርኩት ለባለ ቦቱ ነው! የሴት ሕመሜን፣ የባሌን ማንኮራፋት፣ የእህቴን ባል ወሬ፣ ሁሉን! ሰውየው ምን ኃጢአት ቢሠራ ነው እኔ የተላክሁበት?

ለእናቴ የደረሳት ደግሞ ማሽኑ ላይ ሆኜ የማጉረመርመው ነው። ክር ሲበጠስ የምሳደበው፣ ኮሌታ ሲጣመም የምዘፍነው። መቼስ እሱን ሰምታኛለች። ሰፊ ስለነበረች ይገባታል።

ባሌ ዛሬ ሦስቴ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝ። ሦስቴም አልመለስኩለትም።

ረቡዕ 27

ነገ ጠዋት ኤክስካቫተሩ የኛ መስመር ይገባል። እቃው በላስቲክ ታስሯል። ቢሮው ሳጥን አልሰጠም፣ ቆፋሪም አልላከም። ለቢሮው እናቴ ሄዳለች።

ባሌ ከሥራ ቀረ። መዶሻና ብረት ይዞ መጣና የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመ። «ልግባ?» አለኝ። ጫማውን አውልቋል፤ በዚያ ሁሉ ስብርባሪ ላይ በባዶ እግሩ! «ጫማህን አድርግ፣ ምስማር ወግቶህ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣብኝ» አልኩት። ከቅዳሜ ወዲህ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ወለሉን ሰበረ። ራሱ የለሰነው ወለል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ረጅም ሰዓት ፈጀበት። እኔ ግቢ ሆኜ ከረጢት እሰፋለሁ። ሳጥን ስለሌለ ከረጢት። ከዩኒፎርሙ ጨርቅ ነው፣ ሌላ የለኝም፤ ዙሪያውን ድርብ ስፌት አደረግሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ ኮፍያው መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ። «ለምሳ ነው የወጣሁት» አለ፣ «የት እንደምበላ ደግሞ ማንም አያዘኝም።» እማማ ዳቦ ሰጡት፣ ዳቦውን ኪሱ ከቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

አፈሩን በእጁ ነው የጠረገው። ጠራኝ። የጠመመውን ክንድ አየሁት። ክርኑ ልክ እንደዚያው ወደ ውጪ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። እጄ ላይ ትንሽ ነበረች።

ቅዳሜ 30

አዲሱ መቃብር ሜዳ ነው፣ ሁሉም ጉድጓድ እኩል፣ ሁሉም ሰሌዳ እኩል። የእናቴን ስም አገኘሁት። ከስሩ ባለ ቦቱ ተኝቷል። ጠባቂው «ይህ ቦታ ተይዟል» አለ። «በእናቴ ነው የተያዘው» አልኩት። «ታዲያ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ማን ናቸው?» ከረጢቱን ደረቴ ላይ ይዤ ነው የቆምኩት። ከመጀመሪያው ልተርክለት ጀመርኩ፣ እኔው መሃል ላይ ጠፋብኝ።

የመጣንበትን መኪና የነዳው ኮፍያው ነው። «ጋሼ» አለው ጠባቂውን፣ «ቦታው ለሁለት ይበቃል። ክፈተውና አብረው ይሁኑ።»

ባሌ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ወንድ አጠገቧ ሲቀመጥ ቦርሳዋን መሃል ታደርግ የነበረች ሴት ናት። ግን ሰውየው አፍንጫዋ ስር የኖረ ነው፣ ግድግዳ ብቻ ነው የለያቸው፤ በስሟ አልቅሰንበታል፣ አበባ ተክለንበታል። አውጥቼ የት ልጣለው? የጋራው ጉድጓድ ውስጥ?

«ይክፈቱት» አልኩ። ከረጢቱን በስተግራ አስቀመጥናት፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርገን።

ማክሰኞ 3

ድንጋይ ጠራቢው «ስማቸው አለ፣ ምን ልጨምር?» አለኝ። የሰውየውን ስም ማን ያውቃል። ድንጋዩ የት እንደሄደ፣ የማን ደጃፍ እንደሆነ። ልጄ «ወታደር በሉት» አለች። ወታደር ላይሆን ይችላል። አሰብኩ አሰብኩና «እና ጎረቤቷ» ብለህ ጻፍ አልኩት።

«ጎረቤቷ? ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም አናውቅም።»

ዩኒፎርሙን አስረከብኩ። አንድ ሱሪ ጎደለ። ጸሐፊዋ ተቆጣች። ጨርቁ አልበቃኝም አልኳት፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ሐሙስ 19

ገባን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ መጨረሻው አይደለም። ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል። ግድግዳው ነጭ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ በሩ ሲዘጋ ሌላ በር ይከፈታል። በመስኮት ስመለከት ሰፈራችን የለም፤ ቀይ አፈርና የብረት ዘንግ ብቻ ነው። አድራሻችን አሁን ቁጥር ነው። ጫማ ሰፊው ሁለተኛ ፎቅ ደርሶታል፣ ደንበኞቹ ግን አላገኙትም፣ ደጅ ቆሞ ስሙን እየጠራ ራሱን ያስተዋውቃል።

እማማ ሁሉም ክፍል ውስጥ ጫማቸውን አድርገው ይገባሉ። ወለሉን ስወለውል ነው የምውለው።

ከባሌ ጋር እናወራለን፣ ስለ ቧንቧና ስለ መብራት። ከዚያ ያለፈ ነገር ገና ነው። አልጋ ላይ ጀርባዬን ነው የምሰጠው። አልፎ አልፎ ሳላስበው ዞሬ እገኛለሁ፣ ተመልሼ እዞራለሁ።

ዛሬ ማሽኗን ተሸክሞ ሲወጣ ልቡ ሊቆም ነበር። ሳሎኑ መሃል አስቀምጦ አረፈና «የት ትሁን?» አለኝ።

«ግድግዳው ጋ» አልኩ። ወሰደ። «አይ፣ ብርሃን የለም፣ ወደ በሩ።» ወሰደ። «በሩ ሊመታት ነው፣ መስኮቱ ስር።» ወሰደ። ከመጀመሪያውም የፈለግሁት መስኮቱ ስር ነበር።

ክር አስገባሁ። ልረግጥ እግሬን ሳነሳ ፔዳሉ ላይ አልወርድ አለኝ። እንዲሁ አንጠልጥዬው ቀረሁ። አየኝ።

«ከስር የአንዲት ነርስ መኝታ ቤት ነው» አለኝ። «ትናንት ወርጄ ጠይቄያታለሁ። ማሽን አለን፣ ድምፅ አለው አልኳት። ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች አይረብሻትም፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ብቻ ተዉልኝ ብላለች።»

«ጠየቅካት?»

«ጠየቅኳት።»

ሰዓቴን አየሁ። ገና ቀን ነው። እግሬን አወረድኩት።